እንግዳን በጽሑፍ መምራት

ባለፈው ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት አጥንታችኋል። ገላጭ ድርሰት አንድን ቦታ፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ነገር አንባቢው በዓይነ ኅሊናው እንዲያየው አድርጎ የሚያቀርብ የጽሑፍ ዓይነት መሆኑንም ተረድታችኋል። በዛሬው ትምህርት የምንመለከተው ከዚያ ጋር የሚቀራረብ፣ በዓላማው ግን የሚለይ ድርሰት ነው። ይኸውም ወደማያውቀው ከተማ ለሚመጣ እንግዳ የት እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠጣ፣ የትኛውን ቦታ በስንት ሰዓት እንደሚያይ የሚያስረዳ የመምሪያ ድርሰት ነው።

የገላጭ ድርሰት አንባቢ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያነባል። የመምሪያ ድርሰት አንባቢ ግን ወረቀቱን ወይም ስልኩን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ምናልባት ርቦታል፤ ሻንጣውም ከብዶታል። የተጻፈለትን አምኖ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የተጻፈለትን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል። ጸሐፊው በአጠገቡ ስለሌለም «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። ስለሆነም በገላጭ ድርሰት ላይ ሁለት ነጥብ የሚያስቀንስ ጉድለት በመምሪያ ድርሰት ላይ ሰውን ጦሙን ሊያውል፣ ወይም እምነቱ የማይፈቅድለትን ምግብ ሊያስቀርብበት ይችላል።

ለምሳሌነት የመረጥነው ከተማ ሐረር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባሠሩት በጁገል ግንብ ውስጥና በዙሪያው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የየራሳቸው ጾም፣ የየራሳቸው ሥጋ ቤት፣ የየራሳቸውም የበዓል ማዕድ አላቸው። እንግዳው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ለሐረር እንግዳ መምሪያ የሚጽፍ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። የሌላ ከተማ ተማሪዎችም ይህን ትምህርት ስታነቡ የምትኖሩበትን ከተማ እያሰባችሁ አንብቡ።

ሀ. እንግዳውን የረሳ ድርሰት

«ወደ ሐረር ለሚመጣ እንግዳ መምሪያ ጻፍ» ተብሎ የታዘዘ አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ሐረር ታሪካዊትና እጅግ ውብ ከተማ ናት። በውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የዝያራ ቦታዎች ይገኛሉ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ምግቦቿ ጣፋጭ፣ ቡናዋ በዓለም የታወቀ፣ ሕዝቧም እንግዳ ተቀባይ ነው። ወደ ሐረር የመጣ እንግዳ ሁሉ በበሩ ገብቶ ገበያውን ሊጎበኝ፣ ጥሩ ምግብ ቤት መርጦ ሊመገብ፣ ማታም ጅቦችን ሊያይ ይገባዋል። በተለይ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ የኖረበት ቤት መታየት ያለበት ነው። ሐረርን ያላየ ምኑን አየ!»

ይህ ጽሑፍ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። የመስጊዱና የዝያራው ቦታ ቍጥርም ከተማዪቱ በዩኔስኮ ስትመዘገብ ከተገለጸው ጋር ይስማማል። ነገር ግን አሁን ከመኪና የወረደ አንድ ሰው በዚህ ጽሑፍ ምን ያደርጋል? «በበሩ ገብቶ» ይላል። የጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር ይባላሉ። ከእነዚህ ሌላ ለመኪና የተከፈተው ሐረር በር አለ። ታዲያ በየትኛው ይግባ? «ጥሩ ምግብ ቤት መርጦ» ይላል። እንግዳው መምሪያ የጠየቀው እኮ መምረጥ ስላልቻለ ነው! «ማታ» የተባለውም ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ አልተነገረም።

ስለ ራምቦ ቤት የተጻፈውንም አስተውሉ። አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር መጥቶ በንግድ ሥራ ተሰማርቶ እንደነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን፣ ሙዚየም የሆነውን የእንጨት ፎቅ ያሠራው ግን የሕንድ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ በዚያ ቤት ኖረ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃም የለም። ቤቱ መታየቱ መልካም ነው፤ በባለቀለም መስታወቱና በጣራው ሥዕል ብቻ እንኳ ሊታይ የሚገባው ነው። «የኖረበት ቤት» ከማለት ይልቅ «በስሙ የሚጠራው ቤት» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ እውነት ይሆናል፤ እንግዳውም የሚያየው ነገር አይቀርበትም።

ውብ፣ ጣፋጭ፣ ታዋቂ፣ ድንቅ የሚሉ ቅጽሎች በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ የሚበዙት ጸሐፊው የሚያውቀውን ዝርዝር ሳያስብ ሲቀር ነው። «ጣፋጭ» ብላችሁ ስትጽፉ ቆም በሉና ምግቡ ከምን እንደተሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ፣ ከማን እንደሚገዛ ጻፉ። ያን ጊዜ ቅጽሉ ራሱ አያስፈልጋችሁም።

ለ. ከመጻፍ በፊት

መምሪያ የምትጽፉለትን ሰው በመጀመሪያ አስቡት። ዕድሜው ስንት ነው? በእግሩ ምን ያህል ሊሄድ ይችላል? በኪሱ ምን ያህል ይዟል? ሃይማኖቱ ምንድን ነው? የሚመጣበት ቀን የጾም ነው ወይስ የፍስክ? ከተማውን ከዚህ ቀደም ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? ከእነዚህ ሁሉ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጾም ነው። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾምና የነቢያት ጾምን የመሳሰሉት ወራት የሥጋ፣ የወተትና የቅቤ ቀኖች አይደሉም። ለሙስሊም በረመዳን ወር ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ውኃም አይቀመስም። ሥጋንም በሚመለከት እያንዳንዱ የሚበላው በራሱ ወገን የታረደውን ነው። እንግዲህ «እዚያ ቤት ጥሩ ጥብስ አለ» ብሎ ጽፎ የማን ቤት እንደሆነ አለመናገር እንግዳን ማሳፈር ነው።

ለምሳሌ የሚከተለውን ሁኔታ እንውሰድ። ሐረር የምትኖር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለች። አክስቷ የታኅሣሥን ገብርኤል ለማክበር ከጎንደር ወደ ቁልቢ መጥተዋል። በዓሉ ታኅሣሥ 19 ቀን ይውላል። በማግስቱ ሐረርን ለማየት ይመጣሉ። ተማሪዋ በዚያ ቀን ፈተና ላይ ናት፤ እናቷም ሥራ ላይ ናቸው። አክስትየዋ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሐረርን አይተው አያውቁም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን ድረስ ስለሆነ ጾመኛ ናቸው፤ እስከ ቀኑ 6 ሰዓትም እህል አይቀምሱም። ቀኑን የሚያሳልፉት ተማሪዋ በጻፈችላቸው ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤውን በጥሞና አንብቡ።

ሐ. ምንባብ

«ይድረስ ለውድ አክስቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ቁልቢን ተሳልመው በማግስቱ ዓርብ ወደ ሐረር እንደሚመጡ እናቴ ነገረችኝ። እኔ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ፈተና ላይ ነኝ፤ ስልኬም ዝግ ይሆናል። ስለዚህ ቀኑን እንዲያሳልፉበት ይህን ጻፍኩልዎ።

ከቁልቢ የሚነሣው መኪና በሐሮማያና በአወዳይ በኩል አልፎ ሐረር መናኸሪያ ያደርስዎታል። ከዚያ ወርደው «ሐረር በር የት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሩቅ አይደለም። ሐረር በር መኪና የሚያሳልፈው ሰፊው በር ነው። በዚያ ገብተው ቀጥ ያለውን የመኪና መንገድ ሳይለቁ ይሂዱ። ጉልበትዎን ካመመዎት ባጃጅ ይያዙ፤ ዋጋውን ግን ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ። መንገዱ የሚያደርስዎት ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ነው። በአደባባዩ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ተሳልመው ዐረፍ ይበሉ።

እስከ 6 ሰዓት ስለሚጾሙ የጧት ቁርስ አልጠቀስኩልዎም። በዚያ ሰዓት የሸሪፍን ሙዚየም ቢያዩ ይሻላል። ሙዚየሙ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው። የድሮ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የጦር መሣሪያና ጌጣጌጥ አለበት፤ ሁሉንም ለብዙ ዓመታት የሰበሰቡት አንድ የከተማችን ሰው ናቸው። መንገዱ በጠባብ ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ስለሚዞር በጽሑፍ ልነግርዎ አልሞክርም። ፈረስ መጋላ ላይ ቆመው «የሸሪፍ ሙዚየም» ብለው ልጆችን ይጠይቁ። መግቢያ ይከፈልበታል። ደረጃም ስላለው ቀስ ብለው ይውጡ።

ከሙዚየሙ ወደ ፈረስ መጋላ ተመልሰው መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ይጠይቁ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ስለሚሠሩ ሳያዩት አስቀድመው ይሰሙታል። ቀሚስዎ የተተረተረ ካለ ቆመው ሳሉ ይሰፉልዎታል። መንገዱ ወደ ታች ወርዶ ግድር መጋላ የሚባለው ገበያ ያገባዎታል። በዚያ ከሚሸጠው ሥጋ መካከል የግመልም አለ፤ ጾም ባይሆን እንኳ እንደማይነኩት ዐውቃለሁ። ጭልፊቶቹን ግን ይመልከቱ። በጣራው ላይ ተቀምጠው ሥጋ ገዝቶ የሚወጣውን ሰው ይጠብቁታል፤ ያልተጠነቀቀውንም ከእጁ ይነጥቁታል። ሐልዋ ወይም ሙሸበክ ለልጆች መግዛት ቢያሰኝዎ ለራስዎ ከመቅመስዎ በፊት ቅቤ እንዳለበትና እንደሌለበት ይጠይቁ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሰው ወደ ጁምዓ ሶላት ይሄዳል፤ ከ6 ሰዓት ጀምሮም ብዙ ሱቆች ይዘጋሉ። የሚገዙት ካለ ከዚያ በፊት ይግዙ።

ከግድር መጋላ ሲመለሱ ዳገት ስለሆነ በእግርዎ አይውጡ። ባጃጅ ይዘው ከሐረር በር ውጭ ወዳለው ወደ አዲሱ ከተማ ይመለሱ። የጾም ምግብ የሚሠሩ ቤቶች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። «የት ልብላ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ወደየዘመዱ ይመራዎታል። «የጾም በያይነቱ የሚሠራው የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሽሮው በዘይት መሠራቱንም አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከምሳ በኋላ ከተማው ጭር ስለሚል መዞሩን ትተው ቡና ወደሚፈላበት ቤት ይግቡ። ቡናው የሐረር ነውና አልነግርዎም። ሆጃ ቢያቀርቡልዎ ከቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላ ስለሆነ አይቀበሉ። ቁቲ ግን ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፤ «ያለ ወተት» ብለው አዝዘው ይቅመሱት፤ ጎንደር አያገኙትም።

በ10 ሰዓት ተኩል በሐረር በር በውስጥ በኩል ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ጅብ ሲመገብ ማየት ከፈለጉ ፀሐይ ስትጠልቅ አብረን እንሄዳለን። ብቻዎን ግን አይሂዱ፤ በጨለማ መንገዱን ማግኘት ለእኛም ያስቸግራል።

የእህትዎ ልጅ»

መ. ማብራሪያ

ደብዳቤው ስለ ሐረር ታላቅነት አንድ ቃል አልተናገረም። አክስትየዋ ግን ከተማዪቱን ያዩአታል። ተማሪዋ ምን እንደተወችም ልብ በሉ። የራምቦን ቤት አልጠቀሰችም፤ አክስቷ በአንድ ቀን ከአንድ የበለጠ ደረጃ ሊወጡ አይችሉም። የሐረርን ቢራ አልጠቀሰችም፤ የሐረር ቢራ ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዪቱን ስም ያስጠራ ነው፤ ለእኒህ እንግዳ ግን አይሆንም። የምታውቁትን ሁሉ ለመጻፍ የሚቃጣችሁን ፍላጎት መግታት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም መምሪያ የዕውቀት መለኪያ ፈተና አይደለም።

ስለ ሙዚየሙ የተጻፈውንም ተመልከቱ። የጁገል ውስጥ ለውስጥ መንገድ እጅግ ጠባብና ጠማማ ነው። በሁለት ገጽ ቢጻፍም እንግዳው ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪዋ መንገዱን በመግለጽ ፈንታ እንግዳዋ የት ቆመው፣ ማንን፣ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ጻፈች። ይህ የብልህ ጸሐፊ ሥራ ነው። ጥያቄውን ቃል በቃል በትእምርተ ጥቅስ አስቀምጣ ስለጻፈችላቸውም አክስትየዋ የሚሉትን አያጡም።

አሁን ወደ ሰዋስው እንለፍ።

1. ትእዛዝ አንቀጽ። የመምሪያ ድርሰት ዋናው አንቀጽ ትእዛዝ ነው። «ውረድ» ለአንድ ወንድ፣ «ውረጂ» ለአንዲት ሴት፣ «ውረዱ» ለብዙዎች፣ «ይውረዱ» ለአክብሮት ይባላል። የአክብሮቱ መልክ «እነሱ ይውረዱ» ከሚለው ጋር አንድ መሆኑን ከዚህ ቀደም ተምራችኋል። አሉታውም «አትውረድ፣ አትውረጂ፣ አትውረዱ፣ አይውረዱ» ይሆናል። በተማሪዎች ድርሰት ላይ ዘወትር የሚታየው ጉድለት በአንድ አንቀጽ ውስጥ «በሩን አልፈህ ግባ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» እያሉ አንተንና እርስዎን ማደባለቅ ነው። አንባቢው ጸሐፊው የሚያነጋግረው ሌላ ሰው ይመስለዋል። ለማን እንደምትጽፉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወስኑ፤ እስከ መጨረሻውም በዚያው ጽኑ።

ትእዛዝ ሁሉ በአንድ ዓይነት ብርታት አይነገርም። «ብቻዎን አይሂዱ» የሚለው የማያወላውል ነው። «ሙዚየም ቢያዩ ይሻላል» የሚለው ምክር ነው። «አዝዘው ይቅመሱት» የሚለው ግብዣ ነው። ለጽኑ ነገር ጽኑውን፣ ለምርጫ የሚተወውን ደግሞ ለዘብ ያለውን መልክ ብትመርጡ አንባቢው የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ፈቃድ እንደሆነ ይለያል። ሁሉን «የግድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በእውነት የግድ የሆነውን የሚናገርበት ቃል ያጣል።

2. ቦዝ አንቀጽ። «ወርደው፣ ገብተው፣ ተሳልመው፣ ታጥፈው» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች የሥራን ቅደም ተከተል ያሳያሉ። ስለዚህ ለመንገድ መምሪያ እጅግ ይስማማሉ። ነገር ግን ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን የሚከተለው ያሳያል፦ «ከመኪናው ወርደው በሩን አልፈው መንገዱን ተከትለው አደባባዩ ደርሰው ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ሰፊዎቹን አልፈው ገበያው ገብተው ሐልዋ ገዝተው ይመለሱ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። በመንገድ ላይ ግን አይነበብም። እንግዳው ቆሞ አንድ እርምጃ ያነባል፤ ይሄዳል፤ እንደገና ቆሞ ያነባል። በእያንዳንዱ መቆሚያ ላይ አራት ነጥብ አኑሩለት።

3. የቦታ አመልካች ቃላት። «ከ፣ ወደ፣ እስከ፣ በ» የሚሉት መስተዋድዶች «አጠገብ፣ ፊት ለፊት፣ ማዶ፣ በስተጀርባ» ከሚሉት ቃላት ጋር ሆነው ቦታን ያመለክታሉ። «በስተቀኝ» በሚለው ላይ ተጠንቀቁ። የማን ቀኝ? ከበሩ የሚገባው ሰው ቀኝ ከበሩ ለሚወጣው ግራው ነው። «ፊትዎን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ሲቆሙ በቀኝዎ በኩል» ማለት ቃል ያበዛል፤ ሰውን ግን አያጠፋም። ደብዳቤው «በሐረር በር በውስጥ በኩል» ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ «በሐረር በር» ብቻ ቢል ኖሮ አንዷ በውጭ፣ ሌላዋ በውስጥ ቆመው ሊጠባበቁ ይችሉ ነበር።

4. የወል ስምና የተጸውዖ ስም። «በሩ፣ ገበያው፣ አደባባዩ» የወል ስሞች ናቸው። ከተማውን ለሚያውቅ ይበቃሉ፤ ለእንግዳ አይበቁም። አንድ ቦታ ሁለት ስም ሲኖረው ሁለቱንም ጻፉ። ለምሳሌ በአማርኛ ፈላና በር የሚባለውን ሐረሪዎች በቋንቋቸው አሱም በሪ ይሉታል። እንግዳው የሚጠይቃቸው ሽማግሌ በየትኛው ስም እንደሚያውቁት አስቀድማችሁ ልታውቁ አትችሉም።

5. ሁኔታን የሚያመለክቱ ሐረጎች። «ጉልበትዎን ካመመዎት ባጃጅ ይያዙ» በሚለው ውስጥ «ከ»፣ «ሆጃ ቢያቀርቡልዎ አይቀበሉ» በሚለው ውስጥ «ቢ» ሁኔታን ያመለክታሉ። «ጾም ባይሆን እንኳ እንደማይነኩት ዐውቃለሁ» ሲባል ደግሞ «እንኳ» ከ«ቢ» ጋር ተጣምሮ ሁኔታው ቢለወጥም ነገሩ እንደማይለወጥ ያስረዳል። መምሪያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐረግ ፈጽሞ ከሌለ እንግዳው አይደክምም፣ አይታመምም፣ ዝናብም አይዘንብበትም ብላችሁ አስባችኋል ማለት ነው።

ሠ. የሚለወጥና የማይለወጥ

በመምሪያ ውስጥ ከምትጽፉት ነገር ገሚሱ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ይቆያል። የጁገል ግንብ ከ400 ዓመት በላይ ቆሟል፤ ፈረስ መጋላም በነገው ዕለት ከቦታው አይነሣም። የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ፣ የምግብ ቤት ስም፣ ሙዚየም የሚከፈትበት ሰዓት ግን ይለዋወጣሉ። ጅብ የሚመገብበት ስፍራም አንድ ብቻ ሆኖ አልኖረም።

ከዚህ የሚብስም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ለብዙ አሥርት ዓመታት የሥጋ ቤቶችና የምግብ ቤቶች መገኛ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ለከተማው የመልሶ ማልማት ሥራ ፈረሰ። ከዚያ ቀደም ብሎ «ዶሮ ማነቂያ ገብተው ጥብስ ይብሉ» ብሎ የጻፈ ሰው በዚያ ጊዜ እውነቱን ነበር። ወረቀቱ ዛሬ በእንግዳ እጅ ቢገባ ግን ወደሌለ ቤት ይመራዋል። ስለዚህ በመምሪያችሁ ግርጌ የጻፋችሁበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት አኑሩ። ለሚለዋወጠው ነገርም «ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ» የሚል ጨምሩበት። ዋጋን በቍርጥ ከመጻፍ ይልቅ «ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ» ማለት ዕድሜ ይሰጠዋል።

ሰዓትም ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዋሽንግተን ለሚመጣ የአጎታችሁ ልጅ «3 ሰዓት ላይ ቁርስ እንበላለን» ብላችሁ ብትጽፉለት እኛ ጧት የምንለውን እርሱ ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በእኛ አቈጣጠር የጧቱ 3 ሰዓት በእርሱ 9 ሰዓት ነው። በውጭ አገር ተወልዶ ላደገ እንግዳ «በኢትዮጵያ አቈጣጠር» ብሎ መጨመር ወይም ሁለቱንም መጻፍ ይገባል። ቀንና ወርም እንዲሁ ናቸው።

መልመጃ

1. በደብዳቤው ውስጥ አክስትየዋ ከመናኸሪያ ሲወርዱ ስለያዙት ሻንጣ ምንም አልተጠቀሰም። ተማሪዋ ምን ማለት ነበረባት? ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በትክክለኛው ቦታ አስገቡ።

2. አክስትየዋ የመጡት ለሐምሌው ገብርኤል፣ ማለትም ሐምሌ 19 ቀን ቢሆን ኖሮና በማግስቱ ሐረር የሚውሉበት ቀን ማክሰኞ ቢሆን፣ ከደብዳቤው ውስጥ የትኞቹ ዓረፍተ ነገሮች ይለወጣሉ? ዝናብንም አትርሱ። የሚለወጡትን ብቻ እንደገና ጻፉ።

3. ደብዳቤውን በረመዳን ወር ከጅማ ለሚመጡ ሙስሊም አጎት እንዲስማማ አድርጋችሁ ጻፉ። ቀኑን ምን ሲያዩ እንደሚውሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በምን እንደሚያፈጥሩና ከማን ጋር እንደሚያፈጥሩ ይታወቅ።

4. የሚከተለውን ጽሑፍ ለአንዲት የእናንተ እኩያ እንደሚጻፍ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ የተደራረቡትን ቦዝ አንቀጾችም ከፋፍሉ፦ «ከአውቶቡስ ወርደህ መንገዱን ተሻግረሽ ድልድዩን አልፈው በስተቀኝ ታጥፈህ ጥሩ ምግብ ቤት ታገኛለህና ገብተው ተመገቢ።»

5. ከደብዳቤው ውስጥ አምስት ትእዛዝ አንቀጾችንና አምስት ቦዝ አንቀጾችን አውጡ። እያንዳንዱን ወደ አንተ፣ ወደ አንቺና ወደ እናንተ መልክ ለውጡ።

6. በምትኖሩበት ከተማ ወይም መንደር ለአንድ ቀን ለሚቆይ እንግዳ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ መምሪያ ጻፉ። እንግዳው ማን እንደሆነ በአናቱ ላይ በአንድ መስመር ግለጹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ሰፈሩን ለማያውቅ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱ እያነበበ ሲሄድ እናንተ ከኋላው ተከተሉ፤ ምንም አትንገሩት። ቆሞ የተጠራጠረበትን ቦታ ሁሉ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጉ።